የባዮሎጂ ክበብ ዘንድሮ፦ ዓመቱን ሙሉ ክሎራይድ ስናባርር

ዘንድሮ ክበባችን ችግኝ ተክሏል፣ ለሳይንስ አውደ ርዕዩም ሠርቷል፣ ግን ዓመቱን ሙሉ የያዘን አንድ ጥያቄ ነው። ከ11ኛ ክፍል አንዷ ልጅ ነርስ ከሆነች አክስቷ ሰምታ "ቲቸር፣ የመንቀጥቀጥ መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል ትልቅ ሰው ላይ እየሠራ አዲስ የተወለደ ሕፃን ላይ ለምንድነው ብዙ ጊዜ እምቢ የሚለው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በፈረንጆቹ 1999 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ላይ መንቀጥቀጡን ያቆመላቸው ጨቅላዎች 43 ከመቶ ብቻ ናቸው። እኛ አገር ደግሞ በብዛት የሚታዘዘው ይሄው መድኃኒት ስለሆነ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

ነገሩ ክሎራይድ ነው፣ ያው ጨው ውስጥ ያለው። ጋባ የሚባለው ኬሚካል የነርቭ ሴልን የሚያረጋጋው የክሎራይድ በር ከፍቶ ነው፣ ፌኖባርቢታል በሩን ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ያቆየዋል፣ ሴሉ ውስጥ ክሎራይድ ትንሽ ስለሆነ ከውጭ ኔጋቲቭ ቻርጁን ይዞ ይገባና ሴሉ ይረጋጋል። ውስጡን ዝቅ አድርጎ የሚይዘው ኬሲሲ2 የተባለ ፕሮቲን ነው፣ ከፖታሲየም ጋር እያወጣ። ጨቅላ ላይ ግን ኬሲሲ2 ገና አልጠነከረም፣ የሚያስገባው ኤንኬሲሲ1 ደግሞ በርትቷል፣ ስለዚህ በሩ ሲከፈት ክሎራይዱ ይወጣል፣ ሴሉም በመረጋጋት ፈንታ ይነሳሳል፣ መንቀጥቀጡም አይቆምም።

ሰሌዳ ላይ ስነግራቸው ግማሹ አልገባውም፣ ሜዳ ወጥተን በኖራ ትልቅ ክብ ሠራንና አረንጓዴ ሹራብ የለበሱት ክሎራይድ ሆኑ፣ ሁለት ወንዶች ኬሲሲ2 ሆነው የገባውን እየጎተቱ ያወጣሉ። በሩ ቶሎ ቶሎ ሲከፈት ሁለቱ ኬሲሲ2ዎች ደከማቸው፣ ክቡም ሞላ፣ ቀጥሎ በሩ ሲከፈት ሁሉም ወደ ውጭ ሮጠ። ያኔ አንዱ "ቲቸር፣ መንቀጥቀጡ ሲረዝም ትልቅ ሰው ላይም እንዲህ ይሆናል ማለት ነው?" አለ። አዎ፣ ይሆናል! ፓሪስ ውስጥ በቀዶ ጥገና የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች በወጣ የአንጎል ቁራጭ ላይ ጋባ አንዳንዱን ሴል ሲያነሳሳ በፈረንጆቹ 2002 ታይቷል። ይሄን ሳልነግራቸው ራሳቸው መድረሳቸው እስካሁን ደስ ይለኛል።

ኤንኬሲሲ1ን የሚዘጋ ቡሜታናይድ የሚባል ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት እንዳለ ሲሰሙ መፍትሔው ተገኘ ብለው ነበር፣ ግን አውሮፓ ውስጥ ጨቅላዎች ላይ ሲሞከር ውጤቱ አጥጋቢ አልሆነም፣ የመስማት ችግርም ስለታየ ሙከራው ቀድሞ ቆመ፣ መድኃኒቱ ወደ አንጎል በደንብ አይገባም እኮ። ልጆቹ አዘኑ፣ እኔ ግን ይሄንንም ማወቃቸውን እፈልገዋለሁ።

ቡታጅራ አካባቢ የተሠራ የቆየ ጥናት የሚጥል በሽታ ከ1000 ሰው 5 ገደማ ላይ አግኝቷል፣ ማለት እኛ ግቢም አይጠፋም። ስለዚህ ሰኔ ላይ በሚኒ ሚዲያ ተራ በተራ አወሩ፦ የወደቀውን ልጅ በጎን አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ አትጫኑት፣ ሰዓት ያዙ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ክብሪት ጭሮ ማሸተትም ይቅር።