ካኖፒውን እንዳትጥለው

ወንድምዓለም፣

ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴን አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ይቅር በለኝና እንለፈው። የእማማን መታመም ሰምቻለሁ። እሱን... በጽሑፍ አይሆንልኝም፣ እሑድ እደውላለሁ።

አሁን ያስጻፈኝ የሠራሃት የሱ-27 ተዋጊ ጄት የፕላስቲክ ሞዴል ፎቶ ነው። የአየር ኃይላችን ምልክት እንዴት አምሮባታል! ግን ከሥሩ ስለ አብራሪው ክፍል ግልጽ ክዳን «ካኖፒው አበቃለት፣ እጥለዋለሁ» ብለሃል። አላበቃለትም። አንተ እንደሆንክ ድሮም ተስፋ ለመቁረጥ የሚቀድምህ የለም። ደግሞ ፎቶውን በሌላ ሰው ስልክ ላይ ማየቴ ከፋኝ፤ ድሮ መጀመሪያ የምታሳየው ለእኔ ነበር። ይህን ማለት አልነበረብኝም ይሆናል፣ ግን እውነቴን ነው።

አጉልቼ አየሁት። ከኋላ ፍሬሙ ዳር ያለው ነጭ ጉም የሱፐር ግሉ ትነት ነው። ትነቱ ላዩ ላይ ያርፋል እንጂ ፕላስቲኩን አይበላውም፤ በፖሊሽ ይለቃል። በግራ በኩል ከቴፑ ሥር የሾለከው ቀለም አክሪሊክ ከሆነ፣ ስቴኪኒ ሹል አድርገህ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክረህ የሾለከውን ብቻ ጫር ጫር አድርገው። ኢናሜል ከሆነ ጥቂት አኳራጅ ይበቃዋል። ቲነርና አሴቶን ግን አጠገቡ አይድረሱ፤ ግልጹ ፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ይነጣል፣ ውስጥ ለውስጥም ይሰነጣጠቃል።

የጨነቀኝ የጣት አሻራው ነው። ቀጭኑ የፕላስቲክ ማጣበቂያ ከጣትህ ሥር ገብቶ ላዩን አቅልጦታል። እባክህ አትጥረገው፣ አትነካካው፤ ሁለት ቀን ይደር። ገና የለሰለሰ ፕላስቲክ ሲፈተግ ይቦጫጨቃል እንጂ አይስተካከልም። ሲጠነክር የባትሪ መብራት ከጎኑ አብራበት። ጉዳቱ ላዩ ላይ ከሆነ ይድናል። በውስጡ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካብለጨለጨ ግን ምንም አይመልሰውም፤ ያኔ ሌላ ካኖፒ እንፈልጋለን።

ከተረፈ፣ ከመፈተግህ በፊት በመሃሉ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደውን የሞልድ (የፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ) መስመር በአዲስ ምላጭ ጠርዝ ፋቀው። ምላጩን ቀጥ አድርገህ ያዝና በቀስታ ሳብ፤ ካጋደልከው ይቆርጣል። ወገቡ ከመሠረቱ የሚሰፋ ካኖፒ ከሞልዱ የሚወጣው ሞልዱ ለሁለት ሲከፈት ስለሆነ ነው መስመሩ የሚቀረው፤ እውነተኛው አውሮፕላን ላይ የለም።

ከዚያ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምር፣ ውሃና አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና እያስነካህ። ከውስጥ በጣትህ ደግፈው፤ ሳትደግፍ ከተጫንከው ይሰነጠቃል። አሻራው ሲጠፋ ቦታው በሙሉ ደብዛዛ ይሆናል። አትደንግጥ፣ እንዲያ መሆን አለበት። ቀጥሎ ማይክሮ ሜሽ የሚባለው በጣም ደቃቁ ማለስለሻ ነው፣ በቁጥሩ ቅደም ተከተል፦ 4000፣ 6000፣ 8000፣ 12000። አንዱን በቁመቱ፣ ቀጣዩን በአግድሙ ሂድበት፤ ከፊተኛው የተረፈ ጭረት ካለ ወዲያው ይታይሃል። ብዙ ሰው የሚለፋው እዚህ ነው። 2000ው የተወውን ጭረት በ8000 ሊያጠፋ ይታገላል፤ አይጠፋም። ወደ ኋላ መመለስ ነው ያለብህ። ወረቀት በለወጥክ ቁጥር ካኖፒውን እጠበው፤ የሻካራው ወረቀት አንዲት ቅንጣት ከቀረች ሥራህን ሁሉ ታበላሸዋለች። በመጨረሻ የታሚያ ኮምፓውንድ (የማወልወያ ክሬሙ)፣ መጀመሪያ ፋይኑ ከዚያ ፊኒሹ፣ በለስላሳ ጨርቅ። በእጅህ ብቻ! የሞተር መፈተጊያ በሙቀቱ ያቀልጠዋል።

አክሪሊክ የወለል ፖሊሽ ካገኘህ ንከረው፤ የፀጉር ያህሉን ጭረት ይሞላል፣ ጥልቁን ግን አይሸፍንም። ዝግ ብለህ አውጣና ጠርዙን ሶፍት ላይ አሳርፈው፣ ትርፉ ይመጠጥ። አቧራ እንዳያርፍበት ብርጭቆ ድፋበትና ለ24 ሰዓት ተወው። ካልጣመህ አሞኒያ ያለው የመስታወት ማጽጃ ያነሳዋል። ስትገጥመው ሱፐር ግሉውን ደብቅና ኮላ ተጠቀም፤ ጥርት ብሎ ይደርቃል፣ የተረፈውም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል።

ማይክሮ ሜሹንና ኮምፓውንዱን በሚመጣ ሰው እልካለሁ፤ ለዚህ ደግሞ አታመስግነኝ። ብቻ 2000ውን እንደጨረስክ፣ ገና ደብዛዛ እያለ ፎቶ አንሳና ላክልኝ። ለእኔ። ወደ ማይክሮ ሜሹ ሳታልፍ የቀረ ጭረት ካለ አብረን እንየው።

ያንተው