ሦስተኛዋ ሳጥን

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ይቺን አንድ መስመር ስንት ጊዜ ጽፌ እንዳጠፋኋት አትጠይቂኝ። ሁለት ዓመት ጠፍቶ "ለጤናሽ እንደምን ነሽ" ማለት ያሳፍራል። አንቺ ደግሞ ባለፈው ሳምንት በላክሽው መልእክት አንድም ወቀሳ የለም። "ሚጣን ጀርመን ለማስተርስ ተቀብለዋታል፤ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ የምታውቂውን ንገሪን" ብቻ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ሚጣ ከማውራቴ በፊት የራሴን ልጨርስ። እማማ ሲያርፉ ያልመጣሁት "ፈተና ደርሶብኝ" ብዬሽ ነበር። ውሸት ነው። ፈተና አልነበረኝም።

የዚያን ዓመት ጥር ላይ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዴ ጊዜው አልፎ ነበር። ተዘናግቼ አይደለም፤ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ነው ለማሳደስ ያመለከትኩት። ግን ቀጠሮ የለም። ለውጭ ዜጎች ቢሮ ኢሜይል ስትልኪ "ደርሶናል" የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ጸጥ። ስወተውት አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ፤ ፊክሲዮንስበሻይኒጉንግ ይሉታል። እኛ ምላሳችን እንዳይሰበር "ፊክሲዮን" እንለዋለን። ፊክሲዮን ማለት ልቦለድ እንደማለት ነው። አዲሱ ካርድ እስኪወሰን ድረስ አሮጌው እንዳላለቀ ተደርጎ ይቆጠርልሻል። በልቦለድ መኖር ማለት ይኼ ነው።

አንቺ የደወልሽልኝ ሌሊት ነበር። ጠዋት ልብሴን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። ቀብሩ ባይሆንልኝ ለሰልስት እደርሳለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ የሞኝ ነገር፣ ሰው ልጠይቅ ብዬ ደወልኩ። አንዱ "በዚያ ወረቀት ከወጣሽ አትመለሺም" አለኝ። ሌላዋ ቦሌ ላይ እንዳትሳፈር ተከልክላ ስለቀረች ልጅ ነገረችኝ። ቢሮው ስልክ አያነሳም። ማታ ላይ ልብሴን ከቦርሳው አወጣሁ።

ካርዱ ግንቦት ላይ ወጣ። ልወስድ ስሄድ ሠራተኛዋ ፊክሲዮኑን መልሺ አለችኝ። እየሰጠኋት፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እንደ እናቴ የማያቸው ሴት ሞተው በዚህ ወረቀት ምክንያት እንዳልሄድኩ ነገርኳት። ወረቀቱን ገለጠችና አሳየችኝ። ውስጡ ሦስት ትናንሽ ሳጥኖች አሉ። ምልክቱ ያለው ሦስተኛዋ ላይ ነው። "በዚህ እኮ ወጥተሽ መመለስ ትችዪ ነበር" አለችኝ። ወጥቶ መመለስ የማያስችሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳጥኖች ናቸው፤ አንዷ ከዚያ በፊት ካርድ ላልነበረው፣ ሌላዋ ካለቀበት በኋላ ላመለከተ ሰው ናት። እኔ ካርድ ነበረኝ፣ ሳያልቅም አመልክቻለሁ። ወራት ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ስዞር አንድ ቀን እንኳ አላነበብኩትም።

ይኼን እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? ሳልነግርሽ ደግሞ ሌላ ወሬ ማውራት አልቻልኩም። እንዲሁ ጠፋሁ።

በይ ወደ ሚጣ። ከገንዘቡ ልጀምር፣ እሱ ነው የሚያንቀው። ሽፐርኮንቶ የሚባል ዝግ ሂሳብ ይከፈታል፤ የአንድ ዓመት ወጪዋን ቪዛው ከመሰጠቱ በፊት ታስገባለች፣ እዚህ ስትደርስ በየወሩ ይለቀቅላታል። እኔ በ2015 ስመጣ 10,332 ዩሮ ነበር። አሁን 11,904 ነው፣ በወር 992 መሆኑ ነው። ዩሮው የጨመረው እንኳ ያን ያህል አይደለም፤ ጉዱ ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ የመጣው ነው። አባባ ያንን መሬት ለመሸጥ ያሰቡት ለዚህ ከሆነ፣ እባክሽ መጀመሪያ ስኮላርሺፕ እንዳላት በደንብ አረጋግጡ። በቂ ስኮላርሺፕ ካላት ዝግ ሂሳቡ አያስፈልጋትም።

ቪዛው መግቢያ ብቻ ነው። ዋናውን ካርድ የምታወጣው እዚህ፣ ከምትኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ነው፤ ለመጀመሪያው 100 ዩሮ ይከፈላል። ቀጠሮውን በመጣች ሳምንት ትጠይቅ። ቪዛው ሳያልቅ ማመልከቷን የሚያሳይ ነገር በእጇ ይኑር።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን አድራሻ። ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ ትመዘገቢያለሽ፤ ለዚያ ደግሞ አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። እኔ መጀመሪያ የገባሁት አንድ የአገራችን ሰው ጋ ነበር። በወር 350 ዩሮ በእጁ ይቀበለኛል፣ ወረቀቱን ፈርምልኝ ስለው "ምን ያስቸኩልሻል?" ይለኛል። ሳትመዘገቢ የግብር ቁጥርሽ አይመጣም፣ ካርዱም አይታሰብም። ሁለት ወር ሙሉ ቡናውን እየጠጣሁ ለመንኩት፣ በመጨረሻ ጥዬለት ወጣሁ። የአገር ልጅ ነው ብሎ ማመን ጥሩ ነው፣ ወረቀቱን ከፈረመ በኋላ!

ሥራ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ይፈቀድላታል፣ በግማሽ ቀን ካሰላሽው 280። ስትመረቅ ሥራ የምትፈልግበት እስከ 18 ወር የሚደርስ ፈቃድ አለ። ያኔ እናወራለን፣ ገና ነው።

ቤት እስክታገኝ እኔ ጋ ትሁን። አከራዬን አስፈቅጃለሁ፣ የምዝገባው ወረቀትም ይፈረማል። አንድ ነገር ብቻ ላኪልኝ፤ የፓስፖርቷን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ። እዚህ ስምሽ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ካልተለጠፈ ፖስተኛው ደብዳቤሽን ይዞት ይመለሳል፣ የቢሮው ጥሪም አብሮት። የእኛ ስም ደግሞ ያምታታቸዋል፤ የአባታችንን ይሁን የአያታችንን የቤተሰብ ስም እንደሚያደርጉት አይታወቅም። ፓስፖርቷ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የተጻፈውን አይቼ፣ ያንኑ ፊደል በፊደል ከስሜ ሥር እለጥፈዋለሁ።

እሑድ ልደውልልሽ? ከቅዳሴ በኋላ።

ያንቺው