ድምፁ አለ፣ ምስሉ የለም

ለአዘጋጁ፦
ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ሥልጠና ሶፍትዌር ጫነልን። ቪዲዮውን ስንከፍት ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጥቁር ነው። ሳጣራ ፋይሉ ኤምፒ4 ይላል፤ ኤምፒ4 ግን መያዣው ብቻ ነው፣ ውስጡ ያለው ምስል የታመቀው በኤች.265 ኮዴክ (ቪዲዮን አምቆ የሚያሳንስና መልሶ የሚፈታ ዘዴ) ነበር፣ የእኛ አሮጌ ዊንዶውስ 7 ማሽኖች ደግሞ እሱን አያውቁትም። እውነት ነው፣ ኤች.265 ፋይሉን በደንብ ያሳንሳል። የማይከፈት ትንሽ ፋይል ግን ምን ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የቀድሞው ኮዴክ ኤች.264፣ ኤኤሲ ከተባለው የድምፅ ማመቂያ ጋር ቢሆን አሮጌውም አዲሱም ኮምፒውተር፣ ስልኩም ሳይቀር ያጫውተው ነበር። ደግሞ የኤክሴል ገጽ ለማሳየት ፎርኬ (እጅግ ከፍተኛ የምስል ጥራት) ምን አስፈለገ? ፊደሉ ይነበብ እንጂ በሰከንድ 15 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይበቃል። አንዱ ምዕራፍማ ጭራሽ በፍላሽ (በአሮጌው የአዶቤ ማጫወቻ) የተሠራ ነው፤ ፍላሽ እኮ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተቀብሯል! አቅራቢዎች፣ እባካችሁ ከማስረከባችሁ በፊት በቢሮው ደካማ ኮምፒውተር ሞክሩት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ