ጨው፣ ጥርስና ማዳበሪያ፦ የግብርና ክበባችን የ2011 ዓ.ም. ውሎ

መስከረም ላይ 41 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ሥራው ፀሐይ ላይ መሆኑ ሲታወቅ 18ቱ ወደ ሚኒ ሚዲያ ሄዱ። አልተቀየምኳቸውም። በቀሩት 23 ልጆች ዓመቱን ጨረስን።

እዚህ ቡሬ አካባቢ በቆሎ የማይዘራ ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። በአገር ደረጃ እንኳ በመሬት ስፋት ጤፍ ቢቀድመውም በምርት ብዛት ከእህል ሁሉ አንደኛው በቆሎ ነው። ስለዚህ የዓመቱ ሥራችን በቆሎ ይሁን ስንል ማንም አልተከራከረም። ዕቅዱን ግን አሁን ሳነበው ትንሽ ያሳፍረኛል። «አርሶ አደሮችን ስለ መስመር አዘራር ማስተማር» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሜትራችንን ይዘን ወጣን። አንድ አባት ማሳቸው ውስጥ አስገቡን። ዘሩ ቢኤች 661 የሚባለው ድቅል በቆሎ ነው፤ ቁመቱ ከሁላችንም ይበልጣል። ልጆቹ በመስመሮቹ መካከል ለኩ። 75 ሴንቲ ሜትር። ቀጣዩን ለኩ። 75። ሌላው 77። ሰውዬው በእግራቸው እየለኩ ነው የዘሩት። «እና ምን ልታስተምሩኝ ነው የመጣችሁት?» አሉ እየሳቁ። ቀጥለው የተናገሩትን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፦ «ማምረቱንስ አምርተናል። ማቆየቱ ነው ያቃተን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ያነሳል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገበያ ያወጣል። ዋጋው ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ግን የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ግብር አለ፣ ጥር ላይ ሰርግ አለ። መጠበቅ የሚችለውም ነቀዙን ይፈራል። ሳይነቅዝብኝ ብሎ ይሸጣል፤ ነሐሴ ላይ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ዕቅዳችንን ቀደድነውና ስለ ማቆየት አዲስ ጻፍን።

ለማቆየት መጀመሪያ እህሉ መድረቅ አለበት። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የለንም፤ በጨው የሚለካበት ዘዴ ግን አለ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህል በቆሎ ትጨምራለህ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው ታክላለህ፣ በደንብ ታነቃንቃለህ። ሩብ ሰዓት አስቀምጠህ ታያለህ። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ ገና አልደረቀም። ካልተጣበቀ ከዚያ በታች ነው። ለጎተራ ግን 13 ቢሆን ይመረጣል፤ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ መጨመር አይጎዳም።

ታኅሣሥ ላይ በኩራት ሠርተን አሳየን። የመጀመሪያው ቤት፦ ተጣበቀ። ሁለተኛው፦ ተጣበቀ። አምስት ቤት ሄድን፣ አምስቱም «አልደረቀም»። አምስተኛው ቤት ያሉ እናት ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና አንድ ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሰበሩት። ቀጭ አለ። «ልጆቼ፣ ይኼ ደርቋል» አሉ። ከዚያ ጨዋችንን በጣታቸው ነካ አድርገው «የረጠበውስ ይኼ ነው» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ከሱቅ እንደገዛነው ነበር ይዘነው የዞርነው። ምጣዳቸው ላይ አመሱልንና እንደገና ሞከርነው። አንድም አልተጣበቀ። በማግስቱ አራቱን ቤቶች ይቅርታ ለመጠየቅ ዞርን። አንደኛው ቤት እኛን አምነው እህሉን መልሰው አስጥተውት አገኘናቸው።

ቀጥሎ የከረጢቱ ሙከራ። እዚህ አገር ጆንያውም ከረጢቱም ሁሉ «ማዳበሪያ» ነው የሚባለው፤ ፒክስ የሚባለውን አየር የማያስገባ የእህል ማቆያ ከረጢት ልጆቹ «ባለ ሦስት ማዳበሪያ» አሉት። ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጪው ተራው ማዳበሪያ ነው። አየሩን ጨምቀህ ታስወጣና እያንዳንዱን ለየብቻ ጠምዝዘህ ታስራለህ። ውስጥ የገባው ነቀዝ አየር ሲያጥረው ያልቃል። መድኃኒት የሚባል ነገር አይገባበትም።

ጥር ላይ ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ በሦስት ሞላን፦ አንዱን በተራው፣ ሁለቱን በባለ ሦስቱ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከየከረጢቱ መቶ መቶ ፍሬ ቆጠርን። ከተራው 38ቱ ተበስተዋል፣ ዱቄቱ እጅ ላይ ይቀራል። ከባለ ሦስቱ አንዱ 1 ብቻ። ሌላው ግን 17። ግራ ገባኝ። በኋላ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «ቲቸር፣ ነቀዙ መሞቱን ለማየት በየሳምንቱ እከፍተው ነበር።» ልቆጣ አስቤ ሳቄ ቀደመኝ። ለወላጆች ስናሳይ ሦስቱንም ከረጢት ደርድረን ነበር፤ ብዙ ጥያቄ የመጣው የሱኛው ላይ ነው።

ገበያውን በተመለከተ ብዙ የምጎርርበት የለኝም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሰፈሩንና የከተማውን ዋጋ በየሳምንቱ ጻፍን። ሰው እያየ ያልፋል። «ዋጋውንማ በስልክ እንሰማለን፤ ማን ያድርስልን?» አሉን። አህያ ከግማሽ ኩንታል ብዙም አትሸከምም። ደላላው ደጃፍ ድረስ መጥቶ የሚገዛው ለዚህ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሰባት ጎረቤታሞች እህላቸውን አንድ ላይ አድርገው አይሱዙ ተከራዩ። ሐሳቡ የራሳቸው ነው። የእኛ ድርሻ በትምህርት ቤቱ ሚዛን መዝኖ የየሰዉን ኪሎ መመዝገብ ብቻ ነበር። አንደኛው ቤት «አንድ ኩንታል» ተብሎ የተቀመጠው 106 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ስንት ዓመት በዚያው ጆንያ ሲሸጡ እንደኖሩ እያሰቡ ይመስለኛል።

ግንቦት 25 ከትምህርት ቤቱ ጀርባ 10 በ15 ሜትር መሬት ላይ ዘራን። በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር። ስንት ተክል ይይዛል ብለው የሒሳብ መምህራችን ልጆቹን አሰሏቸው። 666 ወጣ። ልጆቹ ተያዩ። «ይኼ ቁጥርማ ግቢያችን አይገባም» ብለው አንድ ፍሬ ጨመሩ። 667 ሆነ።

አሁን በቅሏል። በ2009 አገራችን የገባው መጤው ተምችም አልቀረም፤ ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን እየገለጡ በእጃቸው ይለቅማሉ። ያሳሰበኝ ሁለተኛው ዙር ዩሪያ ነው። የሚጨመረው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ነው፤ ያ ደግሞ ሐምሌ መግቢያ ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። አቅራቢያ ያሉ አራት ልጆች ተራ ይዘዋል። ዘበኛችንም ማሳውን አያለሁ ብለዋል። «እሸቱ ሲደርስ ግን እኔ ልቁጠረው፣ 667 አይሞላም» ብለውናል።