ተቃውሞ ካለ ምክንያትም ይኑር፦ ለህንድ ውቅያኖስ ቱና ኮሚሽን አባል አገራት ተወካዮች ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት፣

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ አንቀጽ ነው። የኮሚሽናችሁ መመሥረቻ ስምምነት አንቀጽ 9። ሰው ስለ ቱና ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መርከብና ስለ መረብ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ይህን ጉዳይ በተከታተልኩ ቁጥር ዞሬ ዞሬ የምመጣው እዚህ አንቀጽ ላይ ነው።

እናንተ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ለሌላው አንባቢ ልንገር። ኮሚሽኑ አገራት የህንድ ውቅያኖስን ቱና በጋራ የሚያስተዳድሩበት ድርጅት ነው። አንድ የጥበቃ ውሳኔ በጉባኤ ተገኝተው ድምፅ ከሰጡ አባላት የሁለት ሦስተኛውን ድጋፍ ካገኘ አስገዳጅ ይሆናል። ግን ደስ ያላለው አገር በ120 ቀናት ውስጥ ተቃውሞውን ካሳወቀ ውሳኔው እሱን አያስረውም። ለምን እንደተቃወመ እንዲያስረዳ ስምምነቱ አይጠይቀውም። በምትኩ ዓሣውን እንዴት እንደሚጠብቅም አይጠይቀውም። ተቃዋሚዎቹ ከአባላቱ ሲሶ በላይ ከሆኑ ደግሞ የቀሩትም ከግዴታው ነፃ ይወጣሉ።

በዚህ መንገድ ምን እንደሚጠፋ ሞምባሳ ላይ አይተናል።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ለልዩ ጉባኤ እዚያ ተሰብስባችሁ ነበር። አጀንዳው በባሕር ላይ የሚንሳፈፉት ዓሣ ማሰባሰቢያዎች ናቸው። እነዚህን ነገሮች ያላየ ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይባቸው። ውቅያኖስ መሃል ላይ፣ ከየትኛውም ዳርቻ ርቆ፣ አንድ መደብ ይንሳፈፋል። ከቀርከሃ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። ከሥሩ ገመድ ወደ ጥልቁ ይንጠለጠላል። ጎኑ ላይ ቡዋ የሚባል፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ተንሳፋፊ መሣሪያ ታስሯል። ቡዋው ከሥሩ ስንት ዓሣ እንደተጠራቀመ በድምፅ ሞገድ እየለካ ውጤቱን በሳተላይት ለካፒቴኑ ይልካል። ዓሣ በባዶ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ሲያገኝ ከሥሩ መሰብሰብ ይወዳል። ካፒቴኑ ስክሪኑ ላይ መንጋው መሙላቱን ሲያይ መርከቡን ወደዚያ ያዞራል። መንጋውን በመረብ ይከብበዋል፣ የመረቡን ታች እንደ ከረጢት አፍ ይሸመቅቀዋል፣ ውስጡ የገባውን ሁሉ ያወጣል።

የሚፈለገው ስኪፕጃክ የሚባለው የቱና ዓይነት ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይራባል፤ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ቱና አብዛኛው እሱ ነው። ግን ከእሱ ጋር አብረው የሚጠለሉት የቢጫ ክንፍና የትልቅ ዐይን ቱና ግልገሎች ናቸው። ቢጫ ክንፍ ቱና ለመራባት የሚደርሰው አንድ ሜትር ገደማ ሲሆን ነው። ከመደቡ ሥር የሚወጣው ግን በአብዛኛው የዚያ ግማሽ ነው። አንድ ክንድ ቢሆን ነው። አንድ ጊዜ እንኳ እንቁላል ሳይጥል መርከብ ላይ ይወጣል።

ሞምባሳ ላይ የወሰናችሁት በዓመት ለ72 ቀናት በእነዚህ መደቦች ማስገር እንዲቆም ነበር። ውሳኔው የሚፈለገውን ድምፅ አገኘ። ሀሳቡን ያመጡት የባሕሩ ዳርቻ አገራት ነበሩ፤ ኢንዶኔዥያ ከፊት ሆና። ከዚያ ተቃውሞው ይጎርፍ ጀመር። የአውሮፓ ኅብረት ተቃወመ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ከእነሱ መካከል ራሳቸው የዳርቻ አገራት የሆኑ ነበሩ። ቁጥሩ ሲሶውን አለፈና ውሳኔውን ውሃ በላው። በ2024 ባንኮክ ላይ ሌላ ስምምነት ላይ ደርሳችኋል። የቡዋዎቹን ቁጥር ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ይህ ጥሩ ነው፤ አመሰግናለሁ። 72ቱ ቀናት ግን እዚያ ውስጥ የሉም።

ጥፋቱን አንድ ወገን ላይ መጫን አልፈልግም፤ እውነትም አይሆንም። ቢጫ ክንፍ ቱና ከአቅሙ በላይ እየተሰገረ መሆኑን ሳይንቲስቶቻችሁ የነገሯችሁ በ2015 ነው። በ2016 የማገገሚያ ዕቅድ አወጣችሁ። በ2021 ዕቅዱ ሲጠናከር በአንቀጽ 9 ተቃውመው የወጡት ደግሞ ህንድ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ኦማንና ሌሎችም ነበሩ። ሞምባሳ ላይ ጥበቃ ይጠንክር ብላ ከፊት የቆመችው ኢንዶኔዥያ እዚህ በሌላኛው በር ወጥታለች። በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ሁሉም በተራው ይወጣበታል።

በ2024 መጨረሻ የወጣው ግምገማ ቢጫ ክንፍ ቱና ከአደጋው ክልል መውጣቱን ይናገራል። ደስ ይላል። ግን ግምገማው የተሠራባቸው መረጃዎችና ስሌቶችም ተለውጠዋል። ስለዚህ «አገገመ፣ እንግዲህ እንልቀቀው» የሚል ሰው ካለ እባካችሁ አትስሙት። ትልቅ ዐይን ቱናም በ2022ቱ ግምገማ ከአቅሙ በላይ እየተሰገረ ነበር።

አገራት ለምን እንደሚቃወሙ ይገባኛል። ከሥሩ ያለው ጉዳይ የድርሻ ጉዳይ ነው። ዓሣውን በኮታ ለመከፋፈል መስፈርት የሚያወጣው ኮሚቴያችሁ መጀመሪያ የተሰበሰበው በ2011 ናይሮቢ ላይ ነው። ይኸው ስንት ዓመት! ክርክሩ ቀላል አይደለም። አንድ የውጭ መርከብ በአንድ የዳርቻ አገር 200 የባሕር ማይል ውስጥ፣ በዚያች አገር ፈቃድ፣ ለዓመታት ሲያሰግር ከኖረ ያ ዓሣ በማን ስም ይመዝገብ? በመርከቡ ባንዲራ ወይስ በባሕሩ ባለቤት? በባንዲራው ከተባለ ትናንት መርከብ ያልነበራት አገር ነገም ድርሻ አይኖራትም። በእኔ እምነት መመዝገብ ያለበት በባሕሩ ባለቤት ስም ነው። ከባሕራችሁ ከሚወጣው ቱናና መሰል ዓሣ ግማሽ ያህሉን የሚያወጡት በትናንሽ ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። በማልዲቭስ ዛሬም ስኪፕጃክ የሚያዘው በዘንግና በመንጠቆ፣ አንድ በአንድ ነው። ያንን ሰው ከትልቅ መርከብ ኩባንያ ጋር እኩል ቀንስ ማለት ፍትሕ አይደለም። እነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። የሚያሳዝነኝ ምክንያቶቹ ስምምነቱ በሚያውቀው ወረቀት ላይ ቦታ የሌላቸው መሆኑ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ደቡብ ፓስፊክ አሳይቷል። የደቡብ ፓስፊክ ዓሣ ሀብት ድርጅት ስምምነት የጸናው በ2012 ነው። እዚያም አገር መቃወም ይችላል። ግን ሁለት ምክንያት ብቻ ነው የሚፈቀድለት፦ ውሳኔው ያለ አግባብ አድልዎብኛል፣ ወይም ከሕግ ጋር ይጋጫል። በዚያ ላይ በምትኩ የሚወስደውን ተመጣጣኝ እርምጃ አብሮ ማቅረብ አለበት። ከዚያ ጉዳዩ ወደ ገምጋሚ ቡድን ይሄዳል። በ2013 ሩሲያ ጃክ ማክሬል በሚባለው ዓሣ ኮታ ላይ ተቃውሞ አቀረበች። ኮታ ሳይሰጠኝ ቀረ ነው ያለችው። ቡድኑ ሄግ ላይ ሰምቶ ወሰነ። አዎ፣ አድልዎ ተፈጽሞብሻል አላት። ያቀረብሽው አማራጭ ግን ከውሳኔው ጋር አይመጣጠንም ብሎ ሌላ መፍትሔ አስቀመጠ። ሁሉም ነገር በጥቂት ወራት አለቀ። ጃክ ማክሬል ያን ጊዜ ክፉኛ ተመናምኖ ነበር። ዛሬ የሚፈቀደው መጠን ከዚያን ጊዜው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህን ሁሉ ያመጣው ገምጋሚ ቡድኑ ነው አልልም። ግን የተበደለ አገር ተሰምቷል፤ ዓሣውም ያለ ጠባቂ አልቀረም።

ለዳርቻ አገራት ተወካዮች ደግሞ ለብቻ አንድ ነገር ልበል። የመካከለኛውና የምዕራብ ፓስፊክ ደሴቶችን ታሪክ ታውቃላችሁ። በ1984 ሰለሞን ደሴቶች ያለ ፈቃድ ስታሰግር ያገኘቻትን የአሜሪካ መርከብ ስትይዝ፣ አሜሪካ የሰለሞንን ዓሣ ከገበያዋ አገደች። ያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ የዳርቻ አገር በቱና ላይ ሥልጣን አለው ብሎ አይቀበልም ነበር። ደሴቶቹ ግን አልተበተኑም። በ1987 አሜሪካ ከእነሱ ጋር በጋራ ውል ፈረመች። ከመካከላቸው ሰባቱ የጋራ ዓሣቸውን በአንድነት ለማስተዳደር በ1982 የናውሩን ስምምነት ፈርመው ነበር፤ በኋላ ቱቫሉ ስትጨመር ስምንት ሆኑ። ከዚያ ዓሣውን ትተው ቀን መሸጥ ጀመሩ። አንድ መርከብ በባሕራቸው ለአንድ ቀን ለማስገር የምትከፍለው ዝቅተኛ ዋጋ ከ2015 ጀምሮ 8,000 ዶላር ሆነ። የቀናቱ ብዛት አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ስምንቱ ተነጋግረው ስለሚሸጡ መርከቡ አንዷን በሌላዋ አስፈራርቶ ዋጋ ማውረድ ይከብደዋል። በ2010 በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው ገቢያቸው በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 500 ሚሊዮን ተጠግቷል። እናንተ ጋ ግን አንዷ የዳርቻ አገር ለ72 ቀናት ድምፅ ስትሰጥ ሌላዋ ተቃውሞ ትጽፋለች። ከራስ በላይ ንፋስ በተባለበት ጠረጴዛ ላይ የሚጠቀመው ትልቁ መርከብ ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ዓመታዊ ጉባኤ አጀንዳ ላይ አንቀጽ 9ን አስገቡ። ስምምነቱን ማሻሻል ሦስት አራተኛ ድምፅ ይፈልጋል፤ ዓመታትም ሊወስድ ይችላል፤ አውቃለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን ስምምነቱን ሳትነኩ የምትችሉት ነገር አለ። ከዛሬ ጀምሮ የሚቃወም አገር ሁለት ገጽ ይጻፍ። በአንዱ ለምን እንደሚቃወም፣ በሌላው በእነዚያ ወራት መርከቦቹን እንዴት እንደሚገታ። የኮሚሽኑ ጽሕፈት ቤትም በሲሸልስ ዋና ከተማ በቪክቶሪያ ተቀብሎ ለሁሉም ይፋ ያድርገው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ከየትኛው አገር እንደሚመጣ እየጠበቅሁ ነው።

ከአክብሮት ጋር