ለወንድም ጋሼ፦ የጋውዲን ሕንፃዎች ለማየት ሲመጡ

ይድረስ ለማከብርዎ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመዋል? እትዬና ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባርሴሎና መምጣታችሁ ካልቀረ፣ የአርክቴክቱን የጋውዲን ሥራዎች ደጃፍ ላይ ፎቶ ተነስተው ብቻ እንዳይመለሱ ብዬ ነው የምጽፍልዎ። ዕድሜዎን በግንባታ ላይ የቆዩ ሰው ስለሆኑ እርስዎ የሚያዩት ሌላ ነው፤ ክብደቱ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኩት።)

ከካሳ ሚላ ይጀምሩ። ከ1906 እስከ 1912 የተሠራ የመኖሪያ ሕንፃ ነው። ያ የሚጠማዘዘው የድንጋይ ፊት ቤቱን አይሸከምም፤ ጭነቱን የሚይዙት ምሰሶዎችና የብረት አግዳሚዎች ናቸው። ስለዚህ የውስጥ ግድግዳ እንደልብ ይነሳል። ሰው ሁሉ ወደ ጣራው ይሮጣል፤ እርስዎ ግን ከጣራው ሥር ባለው ክፍል ይቆዩ። በስስ ጡብ የተሠሩ 270 ቅስቶች አሉ። ስፋታቸው ሲለያይ ቁመታቸውም ይለያያል፤ ጣራው ከፍ ዝቅ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚያው ከመስተዋት በላይ የተንጠለጠለ የሰንሰለት ሞዴል አለ። ጋውዲ ከከተማው ውጭ ላለው ለኮሎኒያ ጉዌል ቤተ ክርስቲያን ሲያሰላ ክር ከላይ አስሮ፣ ጭነት በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ እርሳስ የተሞሉ ትንንሽ ከረጢቶች ሰቀለበት። የተንጠለጠለ ክር የሚያውቀው መወጠርን ብቻ ነው። ቅርጹ ሲገለበጥ ደግሞ ሁሉም ነገር ወደ መጫን ይለወጣል። ድንጋይና ጡብ መጫንን ይችላሉ፤ የሚሰነጠቁት ሲወጠሩ ነው፤ እናንተ ፌሮ የምታስገቡት ለዚሁ አይደል? ምሰሶዎቹ ዘመው ሲያዩ ቱንቢ የሳተ ሥራ አይምሰልዎ፤ ጭነቱ የሚመጣበትን መስመር ተከትለው ነው።

ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ ሳግራዳ ፋሚሊያ፣ በ1882 ተጀመረ፤ ጋውዲ በ1883 ተረክቦ፣ በ1926 ትራም ገጭቶት እስኪሞት ሠራበት። የተቀበረውም እዚያው ምድር ቤት ነው። ውስጥ ሲገቡ ምሰሶዎቹ ወደ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ ስለዚህ ከውጭ ደጋፊ ግንብ አላስፈለገም። የድንጋዩንም ቀለም ልብ ይበሉ፦ ከባዱን የሚሸከሙት የመሃሎቹ አራቱ ቀይ ፖርፊሪ የሚባል ጠንካራ ድንጋይ ናቸው፤ ጭነቱ ሲቀንስ ባዛልት፣ ግራናይት፣ ከዚያ የአሸዋ ድንጋይ ይሆናል። ጠዋት በምሥራቅ መስኮቶች ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል ቀይና ብርቱካናማ። እኔን ከጠየቁኝ የከሰዓቱ ይበልጣል።

ቲኬት የሚቆረጠው በኢንተርኔት፣ በሰዓት ተለይቶ ነው፤ በር ላይ አገኛለሁ ማለት አያዋጣም። 09:00 የሚል ካዩ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ሐበሻ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማማው በነፋስና በዝናብ ይዘጋል። ሲወጡ በሊፍት፣ ሲወርዱ ግን በጠባብ ጥምዝ ደረጃ ስለሆነ እትዬ በዚያ ጉልበታቸው ባይሞክሩት ይሻላል። ትከሻም ይሸፈን፤ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ፓርክ ጉዌል ዳገት ላይ ነው። ከሌሴፕስ ሜትሮ በእግር መውጣት ያደክማል፤ በፕላሳ ካታሉኛ የሚያልፈው 24 ቁጥር አውቶቡስ በላይኛው በኩል ያደርሳችኋል። ፓርኩ ውስጥ ካለው ሰፊ ሜዳ ሥር 86 ምሰሶዎች አሉ፤ ሜዳው ላይ የወረደው ዝናብ በአፈሩ ተጣርቶ፣ በምሰሶዎቹ ሆድ አልፎ ወደ ውኃ ማጠራቀሚያ ይወርዳል። ሜዳውን በከበበው መቀመጫ ላይ የተለጠፈው የሴራሚክ ስባሪ ደግሞ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ሴራሚክ ጎባጣ ላይ አይተኛም።

ካሳ ባትዮ የሚባለውን መኖሪያ ሕንፃ ጊዜ ከተረፈ ነው የምለው፤ ግርግሩ ያሰለቻል። ከገቡ ግን የብርሃን መውረጃውን ይዩ፦ ሴራሚኩ ከላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ታች እየነጣ ይሄዳል፤ መስኮቶቹም ወደ ታች እየሰፉ ይመጣሉ፤ የታችኛው ፎቅም ብርሃኑ እንዲደርሰው።

ኮሎኒያ ጉዌልን ግን እንዳይተዉ። ከፕላሳ ኤስፓኛ በባቡር ነው የሚኬደው፤ ሰውም አይበዛበትም።

ሜትሮ ውስጥ ቦርሳ ከፊት ይያዝ፤ ኪስ አውላቂ አይጠፋም። ቪዛው እንደወጣ ቀኑን ይላኩልኝ፤ ቲኬቱን የምቆርጠው ያኔ ነው።

እህትዎ