ወደ ውጭ የሚላክ ነዳጅ ልቀትም ይታይ፦ ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ቦን

ጉዳዩ፦ ወደ ውጭ የተላከ ነዳጅ ሲቃጠል የሚያወጣው ልቀት በአምራች ሀገራት ሪፖርት ላይ በማስታወሻ መስመር (ከሀገሪቱ የልቀት ድምር ውስጥ ሳይገባ ለመረጃ ብቻ በሚጻፍ መስመር) እንዲታይ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፦

አንድ መንግሥት ከባሕሩ ከፊሉን ጥብቅ ስፍራ ብሎ ይከልላል፤ ከዚያው ባሕር ወለል ሥር ደግሞ ነዳጅ የማውጣት ፈቃድ ይሰጣል። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ በሚገቡት ሰነዶች የመጀመሪያው በጉልህ ይነበባል፤ የሁለተኛው መዘዝ ግን የለም ማለት ይቻላል። ነዳጁ ሌላ ሀገር ከተቃጠለ ልቀቱ የሚመዘገበው በተቃጠለበት ሀገር ነው። አምራቹ የሚጠየቀው በግዛቱ ውስጥ በቁፋሮ፣ በማጣራትና በማጓጓዝ ለወጣው ብቻ ነው። ደንቡ የተቀረጸው አንድ ቶን ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ነውና አንቃወመውም። ችግሩ ብዙ ነዳጅ የሚልክ ሀገር እንኳ በሰነድ ላይ የባሕር ጠባቂ መስሎ መታየት መቻሉ ነው።

ጥብቅ ስፍራ መረብንና መልሕቅን ያግዳል፤ ሙቀትን አያግድም። በሙቀት አማቂ ጋዞች ሳቢያ ከተከማቸው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የገባው ውቅያኖስ ውስጥ ነው። ውሃው ከዓመቱ ሞቃታማ ወር አማካይ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ፣ ኮራል (ድንጋይ መሰል አጽም የሚሠራው ትንሽ የባሕር እንስሳ) በሥጋው ውስጥ የሚኖረውንና አብዛኛውን ምግቡን የሚሰጠውን አልጌ አውጥቶ ይጥልና ይነጣል። የሚለካውም ትርፉን ዲግሪ በቆየበት ሳምንት በማባዛት ነው፤ 1 ዲግሪ ለ4 ሳምንት ወይም 2 ዲግሪ ለ2 ሳምንት፣ ሁለቱም 4 ነው። 4 ሲደርስ መንጣት፣ 8 ሲደርስ ሞት ይጠበቃል። አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ሲታወጅ ከተነጡት ሪፎች (የኮራል ክምችቶች) ብዙዎቹ በካርታ ላይ በጥበቃ ሥር ያሉ ነበሩ።

የባሕሩ አሲዳማ መሆን የባሰ ነው፤ ምክንያቱም በዓይን አይታይም። ውቅያኖስ ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ይውጣል። ጋዙ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ ከአሲዱ የሚለቀቀው ሃይድሮጅን ደግሞ ቅርፊት ሠሪ እንስሳት የሚፈልጉትን ካርቦኔት ይሻማቸዋል። የባሕር ላይኛው ውሃ ፒኤች (ሲወርድ አሲዳማነት መጨመሩን የሚያሳየው መለኪያ) ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረበት 8.2 ገደማ ወደ 8.1 ወርዷል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም መለኪያው ሎጋሪዝማዊ ስለሆነ የ0.1 ቅናሽ ማለት ሃይድሮጅኑ በ26 በመቶ ጨመረ ማለት ነው።

በአሜሪካ ኦሪገን ጠረፍ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የኦይስተር (ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ) እጮች በመፈልፈያ ጋኖች ውስጥ በጅምላ ሲያልቁ መጀመሪያ የተጠረጠረው ባክቴሪያ ነበር። ባክቴሪያው ቢጸዳም ሞቱ አልቆመም። ንፋስ የላዩን ውሃ ከጠረፉ አርቆ ሲገፋው በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ከሥር ይወጣል፤ መፈልፈያዎቹ ይህንኑ ይስቡ ነበር። እጩ የመጀመሪያ ቅርፊቱን የሚሠራው በተፈለፈለ በሁለት ቀን ገደማ፣ ከእንቁላሉ በያዘው ስንቅ ብቻ ነው፤ ካርቦኔት ሲያጥር ስንቁ ያልቅበታል። የተገኘው መላ የሚገባውን ውሃ ያለማቋረጥ መለካት፣ ሶዲየም ካርቦኔት መጨመርና ጋኑን ከሰዓት በኋላ መሙላት ነው፤ በዚያ ሰዓት የባሕር ዕፅዋት ከውሃው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ቀንሰውታል። ለጋን የሚሆነው መላ ለክፍት ባሕር አይሆንም። እዚያ የሚሠራው ጋዙን ከምንጩ መቀነስ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ መረጃ አይደለም። ሀገራት በማነጻጸሪያ ስሌታቸው (ከነዳጅ አቅርቦት ተነሥቶ ልቀትን በሚያሰላው) የእያንዳንዱን ነዳጅ ምርት፣ ገቢና ወጪ ሞልተው ይልካሉ። ቀሪው ማባዛት ነው። በአየር ንብረት ለውጥ የመንግሥታት ፓነል የ2006 መመሪያ መነሻ ቁጥሮች መሠረት 1 ቶን ድፍድፍ ነዳጅ 42.3 ጊጋጁል ኃይል አለው፤ እያንዳንዱ ጊጋጁል ሲቃጠል 73.3 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በቶን ወደ 3.1 ቶን ነው። በዓመት 10 ሚሊዮን ቶን ድፍድፍ የሚልክ ሀገር በማስታወሻው መስመር 31 ሚሊዮን ቶን ይታይበታል ማለት ነው።

«ድርብ ቆጠራ ይሆናል» የሚለው መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። የዓለም አቀፍ መርከቦችና አውሮፕላኖች ነዳጅ ዛሬም ከሀገራዊ ድምር ውጭ በማስታወሻነት ይመዘገባል፤ ድርብ ቆጠራም አላስከተለም። እኛ የምንለውም እንዲሁ እንዲሆን ነው።

እውነተኛው ስሕተት ሊመጣ የሚችለው ከሌላ በኩል ነው። የሌላውን ድፍድፍ አስገብቶ፣ አጣርቶ መልሶ የሚልክ ሀገር ያላወጣው ነዳጅ እንዳይጫንበት ገቢው ከወጪው ይቀነስ። ከተላከው ከፊሉ አስፋልትና ፕላስቲክ ስለሚሆን እሱም ይውጣለት። ጋዝ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል፤ አንዱ ሀገር በላይኛው (ሲቃጠል የሚወጣው የውሃ እንፋሎት የያዘው ሙቀት በተቆጠረበት)፣ ሌላው በታችኛው (ይህ ባልተቆጠረበት) የሙቀት ዋጋ ሪፖርት ካደረገና ካልተስተካከለ 10 በመቶ ያህል ልዩነት ይፈጠራል።

ጽሕፈት ቤቱ ሠንጠረዡን በራሱ ሥልጣን መለወጥ አይችልም፤ ያ የአባል ሀገራት ውሳኔ ነው። በእኛ አረዳድ ግን የገባውን ቁጥር አባዝቶ በመረጃ ቋቱ ላይ ማሳየትና ጉዳዩ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ምክር ንዑስ አካል እንዲቀርብ ማመቻቸት ይችላል። ሕጋዊ መሠረቱም ጠንክሯል። ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሜይ 21 ቀን 2024 በሰጠው የምክር አስተያየት የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት የባሕር ብክለት ነው ብሏል። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ደግሞ በጁላይ 23 ቀን 2025፣ የአየር ንብረትን ከጉዳት ለመጠበቅ ተገቢውን እርምጃ አለመውሰድ፣ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ በመስጠትና በድጎማ የሚገለጸውን ጨምሮ፣ መንግሥትን በሕግ ሊያስጠይቅ እንደሚችል አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዱባይ ላይ ከቅሪተ አካል ነዳጅ ለመሸጋገር ጥሪ የተቀበሉ ሀገራት ፈቃዳቸው የሚያስከትለውን ልቀት ለማሳየት የሚያቅማሙበት ምክንያት አይታየንም።

ለሙከራው አዲስ ሪፖርት መጠበቅ አያስፈልግም፤ እስካሁን የገቡት ሠንጠረዦች ይበቃሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባሕር ሳይንስና የልቀት ቆጠራ ባለሙያዎች